«አባቴ ጫት ቅሞ አያውቅም፣ ስለዚህ ካንሰር አይሆንም አይደል?» ታማሚው የተነጻጸረው ከማን ጋር ነው?

የዛሬው ትንሽ ረዘም ይላል። ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ፤ በጣም ትኩስ ብቻ አይሁን፣ ለምን እንዳልኩ ወደ ታች ስትወርዱ ይገባችኋል።

ሰሞኑን ከአሰላ አንዲት እህት በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። (ፈቃዷን ጠይቄያለሁ፣ ማንነቷን የሚያሳውቁ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ።) አባቷ ገበሬ ናቸው፣ ዕድሜያቸው ስልሳን አልፏል። ከሁለት ወር ወዲህ እንጀራ ሲጎርሱ ደረታቸው ላይ ይቆምባቸዋል፣ በውሃ ነው የሚያወርዱት። ሱሪያቸውም እየሰፋቸው ነው። መልእክቷ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ ጫት የጉሮሮ ካንሰርን በእጥፍ ይጨምራል የሚል ጽሑፍ ቴሌግራም ላይ አየሁ። አባቴ ደግሞ በሕይወቱ ጫት ቅሞ አያውቅም። ስለዚህ ካንሰር ሊሆን አይችልም አይደል?»

እንዲህማ አይደለም፣ እህቴ።

አስቸኳዩን መልስ ላስቀድም። ምግብ ሲዋጥ የሚቆም ከሆነ፣ መጀመሪያ ደረቅ ምግብ ላይ ጀምሮ ቀስ በቀስ ለስላሳውም ፈሳሹም ማስቸገር ከጀመረ፣ ክብደትም እየቀነሰ ከሆነ፣ «ጨጓራ ነው» እየተባለ ሽሮፕ እየተጠጣበት የሚቆይ ነገር አይደለም። ጫት ቃሙም አልቃሙም ኢንዶስኮፒ ያስፈልጋቸዋል። ካንሰር ላይሆንም ይችላል፣ ግን የሚታወቀው ታይቶ ነው። ይህንን ለልጅቷ ያኔውኑ ነግሬያታለሁ።

አሁን ወደ «በእጥፍ» እንምጣ። ምክንያቱም ይሄ ቃል አንዱን ያለምክንያት ያስደነግጣል፣ ሌላውን ደግሞ እንደ አሰላዋ እህት ያለምክንያት ያረጋጋል።

ቁጥሩ ከአየር የመጣ አይደለም። በሕክምናው ዓለም የምግብ ቧንቧ ካንሰር የምንለው (ሕዝቡ የጉሮሮ ካንሰር ይለዋል) ከአርሲና ከባሌ በኩል በብዛት እንደሚመጣ አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች ከድሮ ጀምሮ ያስተውሉ ነበር። ከዚህ ጋር በተያያዘ በጫት ላይ አንድ የሙከራ ጥናት ተሠርቶ በ2017 እ.ኤ.አ. ታተመ። ከግንቦት 2012 እስከ ግንቦት 2013 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ባሉ ሁለት የኢንዶስኮፒ ክሊኒኮችና በአንድ የካንሰር ሕክምና ሆስፒታል 73 ታማሚዎችና ይህ በሽታ የሌለባቸው 133 ሰዎች ተጠየቁ። ከታማሚዎቹ 36 በመቶ፣ ከማነጻጸሪያዎቹ 26 በመቶ የሚሆኑት ጫት የመቃም ልማድ ነበራቸው። በመጀመሪያው ስሌት ልዩነቱ 2.12 እጥፍ ሆኖ ወጣ። የቴሌግራሙ «በእጥፍ» ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ጥናቱ ግን እዚህ ላይ አላበቃም። የቀረውን ለማየት ይህ ዓይነት ጥናት እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ አለብን።

ስሙ ኬዝ ኮንትሮል ጥናት ነው። ነገሩ ወደ ኋላ የሚሄድ ነው። መጀመሪያ የታመሙትን (ኬዝ) ትይዛለህ፣ ከዚያ ያልታመሙ ማነጻጸሪያዎችን (ኮንትሮል) ትፈልጋለህ፣ ሁለቱንም «ድሮ ምን ታደርጉ ነበር?» ብለህ ትጠይቃለህ። መቶ ሺህ ጤነኛ ሰው መዝግቦ ሃያ ዓመት መጠበቅ ለኛ አገር አይታሰብም፤ ይሄኛው ግን በአንድ ዓመትና በጥቂት ብር ይሠራል። ጣጣው ያለው ማነጻጸሪያው ላይ ነው። ታማሚውን ማግኘት ቀላል ነው፣ እሱ ራሱ ሆስፒታል ይመጣል። ከማን ጋር ነው የምናነጻጽረው?

እንበል እኔ ሰነፍ ተመራማሪ ነኝ። አሰላ ሆስፒታል ውስጥ ያሉ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ታማሚዎችን ጠየቅኩ፣ ለኮንትሮል ደግሞ ቅርብ ያገኘኋቸውን የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሰበሰብኩ። ውጤቴ ምን ይላል? ከዘራ የሚይዝ ሰው በካንሰር የመያዝ ዕድሉ መቶ እጥፍ ነው ይላል! ጋቢ መልበስ አደገኛ ነው፣ ቲክቶክ መጠቀም ግን ከካንሰር ይከላከላል ይላል። ከዘራው ምንም አላደረገም። ዕድሜ ነው ከበስተጀርባ ሆኖ ሁለቱንም የሚጎትተው፤ ያረጀ ሰው ከዘራም ይይዛል፣ ይህ ካንሰርም በብዛት የሚይዘው በዕድሜ የገፉትን ነው። እንዲህ ከመሃል ገብቶ የሚያደናግረውን ነገር በሙያው ቋንቋ ኮንፋውንደር ይሉታል።

መድኃኒቱ ማዛመድ ነው፤ ሐኪሞች በንግግር «ማች ማድረግ» እንላለን። ለ62 ዓመቱ ወንድ ታማሚ ወደ 62 የሚጠጋ ወንድ ኮንትሮል፣ ለ50 ዓመቷ ሴት እንደዚያው። ዘዴው አዲስ አይደለም። በ1950 እ.ኤ.አ. ዶልና ሂል የተባሉት እንግሊዛውያን ሲጋራንና የሳንባ ካንሰርን ለንደን ውስጥ ሲያጠኑ 709 ታማሚዎችን ወስደው ለእያንዳንዱ በጾታና በዕድሜ ክልል የሚመሳሰል፣ በሌላ በሽታ እዚያው ሆስፒታል የተኛ ሰው አገኙለት። 709 ጥንድ ማለት ነው። ያ ሥራ ዛሬም ድረስ ይጠቀሳል።

በኛው ጥናት ደግሞ በሦስት ነገር ነው የተዛመዱት፦ በጾታ፣ በዕድሜና በመኖሪያ አካባቢ። በአማካይ ለአንድ ታማሚ ሁለት የሚጠጋ ኮንትሮል አለው። ይህም የተለመደ ነው፤ ታማሚው ጥቂት ሲሆን ኮንትሮል መጨመር ጥናቱን ያጠነክራል፣ ከአራት በላይ ሲሆን ግን ጥቅሙ እምብዛም ነው።

ጾታና ዕድሜ ላይ የሚከራከር የለም። መኖሪያ አካባቢው ላይ ግን ቆም እንበል፤ የአርሲ ነገር ያለው እዚህ ነው።

ከታማሚዎቹ አዲስ አበባ ነዋሪ የሆኑት 8 በመቶ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ከክፍለ ሀገር የመጡ ናቸው። ኮንትሮሎቹ የቦሌና የመርካቶ ልጆች ቢሆኑ ኖሮ ጥናቱ ገበሬን ከከተሜ ጋር ያነጻጽር ነበር፤ ውሃው ሌላ፣ ምግቡ ሌላ፣ ማድ ቤቱ ሌላ። ጫትም ቢሆን በአገራችን እንደየአካባቢው ነው፤ ሐረርጌና ደብረ ማርቆስ እኩል አይቃምም። ስለዚህ ጥያቄህ «ጫት ነው ወይ?» ከሆነ በአካባቢ ማዛመድህ ያስኬዳል።

ግን ዋጋ ያስከፍላል። ያዛመድክበትን ነገር ከዚያ በኋላ ልታጠናው አትችልም። ለእያንዳንዱ የአርሲ ታማሚ የአርሲ ኮንትሮል ካመጣህ፣ በሁለቱም ወገን ያለው የአርሲ ሰው ድርሻ በአንተው ምርጫ እኩል ሆኗል። «ለምን አርሲ?» የሚለውን ጥያቄ ራስህ ዘግተኸዋል።

ሯጮቻችንን አስቡ። በ2003 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 114 የብሔራዊ አትሌቲክስ ቡድን አባላት ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ጋር ተነጻጽረው፣ ከማራቶን ሯጮቹ 38 በመቶ የሚሆኑት ከአርሲ እንደሆኑ ታየ። የአሰላው ኃይሌና የበቆጂዎቹ ደራርቱና ቀነኒሳ ብቻ አይደሉም ማለት ነው። አሁን ተመራማሪዎቹ «ለእያንዳንዱ ሯጭ የትውልድ ወረዳው ሰው ይምጣለት» ብለው ቢሆን ኖሮስ? ከሯጮቹ 38 በመቶ፣ ከኮንትሮሎቹም 38 በመቶ አርሲ ይሆኑና «የትውልድ ቦታ ልዩነት የለውም» ተብሎ ይጻፍ ነበር። የበቆጂ ሰው ይህን ቢያነብ ይስቃል። ካንሰር ላይ ሲሆን ግን ማንም አይስቅም፣ ምክንያቱም ስህተቱ አይታይም።

ከዚህም የባሰ አለ። አካባቢውን አጥብበህ አጥብበህ ጎረቤት፣ ጓደኛ፣ ወንድም ድረስ ብታወርደውስ? ብዙ ሰው «በጣም በተመሳሰሉ ቁጥር ጥናቱ ጥሩ ይሆናል» ብሎ ያስባል። እኔም ተማሪ እያለሁ እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። በቁጥር እንየው (ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የፈጠርኩት ነው)።

100 ጥንድ አለን፤ በእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ታማሚና አንድ ኮንትሮል። በ20ው ጥንድ ሁለቱም ይቅማሉ። በ50ው ሁለቱም አይቅሙም። በ20ው ታማሚው ብቻ ይቅማል፣ በቀሪው 10 ኮንትሮሉ ብቻ። ስለ ጫት የሚነግሩን የትኞቹ ናቸው? ሁለቱም የሚቅሙበት ጥንድ ምንም አይነግረንም፣ ሁለቱም የማይቅሙበትም እንደዚያው። የሚናገሩት የተለያዩት 30 ጥንዶች ብቻ ናቸው፤ 20 ለ10፣ ማለትም 2 እጥፍ። (ጥንዱን አፍርሰህ በጅምላ ብታሰላው 1.6 ገደማ ይመጣል። ስለዚህ አዛምዶ ሲያበቃ ጥንዱን ረስቶ የሚያሰላ ጥናት ካያችሁ ቁጥሩን አትመኑት። የጫቱ ጥናት እዚህ ላይ ንጹሕ ነው፤ ጥንዱን በሚጠብቅ ዘዴ ነው የተሰላው።)

አሁን ኮንትሮሉን የታማሚው የቅርብ ጓደኛ እናድርገው። ጓደኛሞች አብረው ነው የሚቅሙ፣ ካልቃሙም አብረው ነው የማይቅሙት። የተለያዩት ጥንዶች ከ30 ወደ 10 ይወርዳሉ። 90 ጥንድ ሰው፣ ያ ሁሉ መጠይቅ፣ ያ ሁሉ የትራንስፖርት ገንዘብ ገደል ገባ። ይህ ከመጠን ያለፈ ማዛመድ ይባላል። ወንድምና እህትን ለኮንትሮል ስትወስድ ደግሞ ያደጉበት የማድ ቤት ጭስ፣ የጠጡት ውሃ፣ የበሉት ገንፎ ሁሉ አንድ ነው።

ገንፎን ካነሳን አይቀር፣ አሰላ ያደገ ሰው ቤት ውስጥ ይህ ክርክር እንዳለ ያውቃል፦ «ይሄ በሽታ ትኩስ ማርቃ ነው የሚያመጣው» ይባላል። የገብስ ገንፎ፣ መሃሉ ላይ ቅቤና በርበሬ፣ እየተቃጠሉ የሚበላ። እንግዲህ ደጋው አርሲ ላይ ጎረቤትን ከጎረቤት አዛምደህ «ማርቃ ትበላለህ?» ብትል መልሱ ከሁለቱም ወገን «ታዲያስ!» ነው። ከዚህ ምንም አታገኝም።

ሰሜን ኢራን፣ ጎለስታን በሚባለው አውራጃ ተመሳሳይ ችግር ነበር። እዚያም የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት አለ፣ እዚያም ሻይ የማይጠጣ ሰው አይገኝም ማለት ይቻላል። በ2009 እ.ኤ.አ. በታተመው ጥናት 300 ታማሚዎችንና 571 ኮንትሮሎችን ከዚያው ከሰፈራቸው ወሰዱ። ጥያቄያቸው ግን «ሻይ ትጠጣለህ?» አልነበረም፤ «ምን ያህል ትኩስ?» ነበር። ለብ ያለ ከሚጠጡት ጋር ሲነጻጸር ትኩስ የሚጠጡት 2 እጥፍ ገደማ፣ በጣም ትኩስ የሚጠጡት 8 እጥፍ ገደማ ሆኑ። ጎረቤት ከጎረቤት የሚለይበትን ነገር ጠየቁ፣ መልስ አገኙ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ በላይ የሆነ መጠጥን «ካንሰር ሊያመጣ የሚችል ይመስላል» ከሚለው ምድብ ያስገባው እንደዚህ ያሉ ጥናቶችን አይቶ ነው። ገንፎ መጠጥ አይደለም፣ ግን እኔ ራሴ ማርቃ ሲቀርብልኝ አቀዝቅዤ ነው የምበላው። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በራሱ በአርሲ ዞን የተሠራ የአመጋገብና የአካባቢ ኬዝ ኮንትሮል ጥናትም አለ። እንዲህ ዓይነቱ፣ ሁሉም ከአርሲ የሆኑበት ጥናት፣ የአርሲ ሰው ከአርሲ ሰው በምን እንደሚለይ ይነግረናል፤ አርሲ ከጎጃም በምን እንደሚለይ ግን ሊነግረን አይችልም። ለዚያ ሌላ ዓይነት ጥናት ያስፈልጋል።

ፈጽሞ ሊዛመድባቸው የማይገቡ ነገሮችም አሉ። ለምሳሌ ክብደት። ታማሚው የከሳው በሽታው መዋጥ ስለከለከለው ነው። «ለ45 ኪሎው ታማሚ 45 ኪሎ ኮንትሮል» ካልክ በሌላ በሽታ የከሳ ሰው ነው የምታመጣው። በሽታው ራሱ ያመጣውን ነገር ማዛመጃ አታደርግም፣ አለቀ።

ወደ ጫቱ ጥናት ልመለስ፤ የቴሌግራሙ ጽሑፍ የዘለለው ክፍል ይሄ ነው። ጫትና ሲጋራ ብዙ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ፤ መጠጥም አለ። በሲጋራ አልተዛመዱም። ተመራማሪዎቹ ግን ጠይቀው መዝግበውት ነበር። ስለዚህ ትምባሆን፣ አልኮልን፣ አረንጓዴ አትክልትን፣ የትምህርት ደረጃንና ሃይማኖትን በስሌት አስተካክለው እንደገና ሲያዩት 2.12 የነበረው 0.95 ሆነ። 1 ማለት ልዩነት የለም ማለት ነው። እጥፉ ጠፋ!

«እንግዲያው ጫት ነጻ ወጣ!» የምትሉ ቃሚዎች ቀስ በሉ። 0.95 ከሚለው ጎን ሌላ ቁጥር አለ፦ ከ0.22 እስከ 4.22። እውነቱ በዚህ መሃል የትም ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ አራት እጥፍ የሚጨምርም ሊሆን ይችላል፣ የማይጨምርም። የመጀመሪያውም 2.12 ቢሆን ክልሉ ከ0.94 እስከ 4.74 ስለነበር 1ን አላለፈም። 73 ታማሚ ለዚህ ጥያቄ ትንሽ ነው። ተመራማሪዎቹም ራሳቸው የሙከራ ጥናት ብለውታል፣ በጥንቃቄ ይነበብ፣ ትልቅ ጥናት ይሠራ ብለዋል።

እነሱው በግልጽ ያስቀመጡት አንድ ሌላ ነገር አለ፦ ታማሚዎቹና ኮንትሮሎቹ በትምህርትና በሃይማኖት ይለያዩ ነበር። ይህን ሳነብ «ታዲያ ለምን በሃይማኖትም አላዛመዱም?» የሚል ጥያቄ መጣብኝ። ሃይማኖት ካንሰር አያመጣም፣ ይሄ ግልጽ ይሁን። ግን አብሮት የሚሄድ ነገር አለ፤ ጾም፣ መጠጥ መጠጣት አለመጠጣት፣ በብዙ ቦታ ጫትም ጭምር። በሃይማኖት ብናዛምድ እንደ ጓደኞቹ ምሳሌ ጥንዶቹ በጫትም ይመሳሰሉና የሚናገር ጥንድ ያንሰናል። ደግሞ በተግባር አስቡት፦ ዕድሜው የቀረበ፣ ጾታው አንድ፣ ከዚያው ወረዳ፣ ሃይማኖቱ አንድ፣ የትምህርት ደረጃው አንድ፣ አዲስ አበባ ክሊኒክ የመጣ። ከየት ይመጣል? ኮንትሮል ያላገኘህለትን ታማሚ ትጥለዋለህ፣ 73ቱ 40 ይሆናሉ። ስለዚህ በኔ እምነት ትክክል ሠርተዋል፤ በዕድሜና በጾታ አዛምድ፣ የቀረውን በደንብ ጠይቀህ መዝግብና በስሌት አስተካክል። የመዘገብከውን በኋላ ማስተካከል ትችላለህ፤ ያዛመድከውን ግን መፍታት አትችልም። እኔን የሚያሳስበኝ የትምህርቱ ልዩነት ነው። ያ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው ኮንትሮሎቹ የመጡት ታማሚዎቹ ከመጡበት ዓይነት ቤት አለመሆኑን ነው፣ ይሄ ደግሞ በስሌት ሙሉ በሙሉ አይታከምም።

ይህን ሁሉ ለአሰላዋ እህት በአጭሩ ስነግራት ጥሩ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ «እሺ ዶክተር፣ እጥፍ ነው ብለን ብንቀበለውስ፣ አባቴን ምን ያደርገዋል?» ምንም አያደርጋቸውም። ከታማሚዎቹ 36 በመቶ ቃሚ ነበሩ ማለት 64 በመቶዎቹ አልነበሩም ማለት ነው። በዚያው ጥናት ውስጥ አብዛኛው የካንሰር ታማሚ ጫት የማይቅም ሰው ነው! «ዕድልን ይጨምራል» ማለት «ያለሱ አይመጣም» ማለት አይደለም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። አሰላ፣ ኢተያ፣ ሳጉሬ፣ በቆጂ ወይም ሌላ ቦታ የጤና ባለሙያ ቅጽ ይዞ መጥቶ «ጤነኛ ሰው ነው የምንፈልገው» ቢላችሁ፣ ማንነቱንና የሥነ ምግባር ፈቃዱን አይታችሁ ቁጭ ብላችሁ መልሱለት። ብዙ ሰው «እኔ አልታመምኩ፣ ምን ልሆናችሁ?» ብሎ ይመልሳቸዋል። ሁልጊዜ የሚመልሱት ሥራ የሚበዛባቸው ከሆኑ ኮንትሮሉ ሁሉ ሥራ ፈት ይሆናል፣ ከዘራው ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ስለ ጫት፣ ስለ ሲጋራ፣ ስለ አረቄ ሲጠይቋችሁም አትፈሩ፤ ታማሚው እውነቱን ተናግሮ ጤነኛው ከደበቀ፣ ያልነበረ «እጥፍ» ይወለዳል።

አባቷ ባለፈው ማክሰኞ ኢንዶስኮፒ ተደርጎላቸዋል። ናሙናው ፓቶሎጂ ገብቷል፣ ውጤቱን እየጠበቅን ነው።